ቁልቁለት

ከቧንቧ ውሃ ግርጌ፣ የቀድሞው ወፍጮ ቤት፣
ከግድግዳው ላይ ዱቄት ገና ሳይራገፍለት፣
አህመዲን ተከራየና ታፔላ አሰቀለ፤
ጸሐፊው አንድ ፊደል ውጦ "ኤሌትሪ ሳይክል" አለ።
"ይታረም?" አልኩት። "ተይው" አለኝ፣ "ቀለሙ ዋጋ አለው፤
መብራቱም ለእኛ ሰፈር ሁሌ ጎደሎ ነው።"

አራት ነበርን ያኔ። እኔ በብየዳ፣
ዘይኑ ከሽቦ ጋራ ሲታገል ማለዳ፣
አህመዲን ንድፍ ሲያጠፋ፣ ሲስል፣ ሲቀዳ፣
ትርንጎ ደብተር ይዛ፣ ዓምዱ ሁሉ ዕዳ።
መብራት በሌሊት ከመጣ ስልክ ይደወላል፤
ሰፈሩ ሲያንቀላፋ ብየዳዬ ይበራል።

የሠራነው ፊቱ የብስክሌት፣ ጀርባው የቃሬዛ፤
ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ከአንዲት ንብ አይበዛ።

የሙከራው ቀን ሰኞ ነበር፤ ገበያው ጢም ብሎ፣
ዘይኑ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ከጀርባው አዝሎ፣
"አላህ ያግዝህ" ሲሉት፣ "እመቤቴ ትከተልህ"፣
"አብሽር!" ሲል አንዱ ከሱቁ፣ "ዛሬስ ስም አወጣህ!"
ወጣ። ዳገቱን ወጣ። ላብ ሳይነካው፣ ሳይተነፍስ፤
አህመዲን እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ሊስቅ፣ ሊያለቅስ።

ይመር ግን አልሳቀም።
ይመር ጋሪ ገፊ ነው። ይችን ከተማ ያጠናት
በመጽሐፍ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት በጉልበት።
ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር ቆሎ እየቆረጠመ፤
እፍኙን እስኪጨርስ ጠብቆ እንዲህ ብሎ ገጠመ፦

"ዳገት ባላንጣ ነው፣ ፊት ለፊት ይገጥማል፤
ቁልቁለት ወዳጅ ነው፣ ከኋላ ይገፋል።"

ሰው ሳቀ። ዘይኑም ሳቀ፣ መሪውን ወደ ታች መለሰ፤
ፍሬኑን ጨበጠ፤ ፍሬኑ እንደ ሕፃን አለቀሰ።
ከዚያ የሆነውን ደሴ እስካሁን ታወራለች፦
ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላ፣ አንዲት በቅሎ ደነበረች፣
ዘይኑ ከአንድ መጋዘን ደጅ፣ ከጆንያ ክምር ተሰካ፤
የሱ ክርኑ ብቻ ተላጠ። የእኛ ኩራት ግን ተነካ።
ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ ማንንም ቃል አልወጣው፤
ያለቀሰም ካለ ሰበብ አለው፤ ሽንኩርት ነው።

በማግስቱ ይመር መጣ፣ ጋሪውን እየገፋ፤
ከኋላው የታሰረ ጎማ፣ አስፋልት በልቶት ግማሹ የጠፋ።
"ይኸውላችሁ ፍሬኔ" አለ።
"ልጄ ነበር የሚቆምበት፤ እሱ ሲያድግ ፍሬኑም አደገ፤
አሁን ድንጋይ ነው። ልጁ በባቲ በኩል ባሕር ማዶ ፈለገ።"

ትርንጎ ደብተሯን ዘጋች።
አህመዲን መሬት ተቀምጦ ጎማውን በጣቱ ዳበሰ፤
"በቀን ስንት ይከፈልሃል?" ቢለው፣ ይመር መለሰ፦
"የሚከፈለኝ ለገፋሁት ነው፤ ላቆምኩትማ ማን ሰጥቶኝ?"
"እኔ" አለው፣ "እኔ ልክፈል። ቁልቁለቱን አስተምረኝ።"

ስምንት ወር ፈጀ። ሦስቴ ቆረጥኩ፣ ሦስቴ በየድኩ፤
ከእናቴ ፊት ይልቅ የብረት ስንጥቅ አወቅኩ።
ዘይኑም ሽቦውን ገልብጦ ሞተሩን እምቢ አስባለው፤
ሲወርድ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ባትሪውንም ቅንጣት ይሞላው።
"መብራት ኃይል የነፈገንን ቁልቁለት ያበድረናል"
አለ ይመር፤ ያኔ ጥርሱን አየሁ፣ አንዱ ወልቋል።

እስካሁን አሥራ አንድ ሸጠናል። ሰባቱን በዱቤ፤ ትርንጎ ታውቃለች።
አንዱን ዳቦ አከፋፋይዋ የሺሐረግ ትነዳለች፤
በየሱቁ ደጅ ስትደርስ በደወሉ ፈንታ ታፏጫለች።
ታፔላው እንዳለ ነው፣ ፊደሉን የሚያስብ የለ፤
መብራቱም እንደ ልማዱ፣ መጣ ሲሉት ኮበለለ።

አዲስ በወጣ ቁጥር ይመር ነው የሚፈትነው፤
ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣ አስፋልቱ ሲረጥብ ነው የሚመርጠው።
አፋፉ ላይ ይቆማል። ፍሬኑን ሁለቴ ይነካል።
ከዚያ፣ ገመድም ጎማም በሌለበት፣ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ያያል፤
"ጠበቅ አርገህ ቁም!" ይላል።
ይወርዳል።