ሰባተኛ ቢ፣ ቢቸና

ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ ሥዕሉ ነጭ ነው፣
ልጆች ይስቃሉ በረዶ ወርዶባቸው።
"ስኖው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ስኖው" አሉኝ ሁሉ፣
ስድሳ ሦስት ናቸው፣ ቆርቆሮ ያናጋሉ።
አንማው እጁን አወጣ ከኋላ ወንበር ላይ፦
"ቲቸር፣ በረዶ ወርዶ ሰው ይስቃል ወይ?
ማሳ የላቸውም? አባት የላቸውም?
የኛን ጤፍ ሲያወድመው እኛ አልሳቅንም።"

ጠመኔው ጣቴ ላይ ሟሟ ብል ውሸት ነው፤
ጠመኔ አይሟሟም፣ እጄ ነው ያላበው።

"ዊንተር ነው፣ በቃ" ብዬ ገጹን ልገልጥ ስል
ፈንታነሽ ተነሣች፦ "መዝገቡ ክረምት ይላል።
ክረምት ደሞ ሐምሌ ነው፣ ሙጋ የሚሞላበት፤
እዚህ ግን ታኅሣሥ ነው፣ ብርድ የሚገባበት።
የሚዋሸው የቱ ነው? ወረቀቱ ወይስ ሰማዩ?"
ደወል አዳነኝ።
ሲወጡ እየዞሩ ፊቴን ነበር የሚያዩ።

ያን ማታ መብራት የለም። በስልኬ ጭላንጭል
የቤት ኪራይ ቀን የማከብበትን ካላንደር
ከሚስማሩ አውርጄ
የዓመቱን ትምህርት በበዓላቱ ላይ ጻፍኩት፤
ዳይሬክተሩ አያውቅም። እስከ ዛሬም አልነገርኩት።

መስቀል ቅርብ ነበር። ደመራው ሲቃጠል
ገበሬው፣ ነጋዴው ዓይኑን ከግንዱ አይነቅል፤
ወዴት ይወድቅ ይሆን? በማግሥቱ ክፍል ገባን።
"ፎል" ሊወድቅ ሲል ነው፣ "ፌል" ከወደቀ ኋላ፤
"ወደ ምሥራቅ ፌል!" "ውሸት! ፌል ወደ ቆላ!"
ተጣሉልኝ፣ በኃላፊ ጊዜ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አልተጣሉም፤
የሞተ ግሥ እንጂ የወደቀ አላየሁላቸውም።

ለገና ሜዳ ወጣን ዱላና ጥንግ ይዘን።
"ሂት፣ ሂት፣ ሂት" አልኳቸው፤ "ጊዜ አይለውጠውም፤
ትናንት የተመታ ዛሬ አይሽርለትም።"
በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤
ቀይ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ ለአንድ አፍታ።
ያኔ ደግአረገ፣
ከአራተኛ ክፍል ወዲህ በእንግሊዝኛ ያልተነፈሰው፣
ጥንጓን ከአቧራ ጋር አንሥቶ ሰማይ ሲያደርሰው
"አይ ሂትድ ኢት!" ብሎ ጮኸ። ደገመው። ሠለሰው።
ስሕተት ነው።
እንዲህ ያማረ ስሕተት ግን ሰምቼ አላውቅም፤
ኪሴ ውስጥ እጄ ነበር። እስክሪብቶውን አላወጣሁም።

ሁዳዴ ሲገባ "ሲንስ" አላስቸገረም፤
ከቅበላ ወዲህ ቅቤ ያልቀመሰ ልጅ "ሲንስ" አይጠፋውም።
ኑርዬ ደግሞ በረመዳን፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ረጋ ብሎ
"አንቲል" አለ፣ ወደ ምዕራብ መስኮት ተመለከተ፣
ደብተሩን ከደነ።
ከዚያ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ሰኔ ላይ ፈተናው ከዞን ታሽጎ መጣ።
ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ በዊንተር ልጆች ምን ያደርጋሉ?
መልሱ ተሰጥቶኛል፦ የበረዶ ሰው ይሠራሉ።
ደግአረገ አልከበበም። ከጎኑ ጻፈበት፣
ፊደሉ ወደ ታች እየወረደበት፦
በዊንተር ወንዙ ድልድዩን ይወስዳል፣
እኔ ወዲያ ማዶ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ወዲህ።
አንድም ግሥ አልሳተም።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ።
ማርኩን የሰጠሁ እንደሆን አትጠይቁኝ።

አሁን ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤
ሙጋ የወሰደውን ወስዷል።
ከሰዓት በኋላ ከቾቄ በኩል ጠቁሮ መጣና
ቆርቆሮዬን ይቀጠቅጠው ጀመር፣
ነጭ፣ ድቡልቡል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፤
ደጃፌ በአንድ አፍታ ገጽ ዐሥራ ሁለትን መሰለ።
የጎረቤት ሕፃን ወጥቶ ሊለቅም እየሳቀ፤
እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በአንማው ማሳ በኩል እያየሁ፣
ከንፈሬን ሳላላቅቅ
ሂት አልኩ፤
ሂት፣
ሂት።