ገና ያልሞተ ባትሪ

ሥራዬ መክፈት ነው። ሽምብጥ መታጠፊያ፣
ከቆርቆሮ ሱቄ፣ ከባጃጅ መቆሚያ፣
ሬዲዮ ፈትቼ፣ ስልክ ፈትቼ፣
ጎርፍ የጠጣ ቴሌቪዥን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣
«አለ፣ ይተነፍሳል» ብዬ መልሻለሁ፤
ብሎን ያለው ነገር ተስፋ አለው እላለሁ።

ይሄ ግን ብሎን የለውም።

የጥምቀት ሰሞን ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ፣ አንሙት፣
ሮዝ ነገር ይዞ መጣ፣ የአውራ ጣት ውፍረት፣ የአውራ ጣት ቁመት።
«ጋሼ፣ ፈሳሹ አለ፣ ኃይሉ ነው ያለቀ፤ ቻርጅ ይገባለታል?»
ገለበጥሁት። ቀዳዳ የለው። «ሲያልቅማ ይጣላል፣»
አለኝ ራሱ፣ «ሲሠራም ለዚያ ነው አሉ።
እርስዎ ግን የሞተ ያስነሣሉ።»

በቢላ ሰነጠቅሁት። ጥጥ ወጣ፣ እርጥብ፣ ማንጎ ማንጎ የሚል፣
ከጥጡ ሥር ባትሪ፤ መቶ ጊዜ ሞልቶ መቶ ጊዜ ማብራት የሚችል፣
ጤነኛ፣ ገና ያልሞተ፣
በቁሙ የተገነዘ፣ ከነነፍሱ የተከተተ።

ሠላሳ ብር አልሁት።
(ይህን ካልጻፍሁማ ግጥሙም ቀጣፊ ነው።)
ሽቦ አሾለክሁ፣ ሞላሁት፣ በጥቁር ፕላስተር ጎኑን ጠቀለልሁት፤
በማግሥቱ አራት ሆነው መጡ፤ ከዚያ ዩኒፎርም የለበሱት፤
እኔም ሠላሳዬን ቆጠርሁ፤ ማንጎውን ለመድሁት።

ያለቀውን የትም ይጥላሉ፤ ዘንባባው ሥር፣ ከሐይቁ ዳር መናፈሻ፣
ጀልባ ከሚጠበቅበት፣ የዓሣ እሾህ ከሚደፋበት መድረሻ፤
ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ይሰበስብና ለጣና ያስረክባል፤
ጣና ዝም ይላል። ምን ይላል?

ሐሙስ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን፤ አጀንዳው አንድ ነበር።
እትዬ ውዴነሽ ቀደሙ፦ «ይከልከል! ልጄ ሌሊት ያስላል፣ ቀን ይደብቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ነገር?»
«ሕጉማ ከከለከለ ቆየ፣» አለ ሰብሳቢው፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ወረቀቱ አለ፤ ማን ይዞት ሱቅ ለሱቅ ዞረ? ማን ፈለገ?»

ይርሳው ባለሱቁ ተነሣ፦ «ብትዘጉት በመተማ ይገባል፣
ትናንት በመስኮት የተሸጠው ነገ በጓሮ ይሸጣል፤
ለሕፃን አይሸጥ በሉ፣ ቀረጥ ጫኑበት፣ ባዶውን የመለሰ ይከፈለው፤
ደግሞስ ጭስ መች ሆነና? እንፋሎት ነው።»

«እንፋሎት?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰው፣
«ጢስ ዓባይንስ ጢስ ያልነው ማገዶ አይተን ነው?»
ሳቅ ሆነ። ይርሳውም ሳቀ። እኔ ግን ቃሉ ደረቴ ላይ ቀረ፤
እንፋሎቱን ጢስ ያለ አገር፣ ዛሬ ጢሱን «እንፋሎት» ሊል ስም ተበደረ።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ፣ ታንኳ ሠሪው፣ ዕድል ሳይጠይቁ፦
«ታንኳም ተጣይ ነው፣» አሉ፣ «እናንተ ባታውቁ፤
ደንገሉ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ዳር አውጥቼ እጥለዋለሁ፤
በወሩ ብመለስ፣ ከጣልሁበት አጣዋለሁ።
ሐይቁ የሰጠኝን ወሰደ፤ አልተጣላንም።
ይህ ግን፣» ከኪሳቸው አወጡ፣ «ክረምት ወጣበት፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።
እምቦጭ እናወጣለን ብለን መረቡን ስንስብ፣ እሱ ነው የመጣ፤
ልጁ ስቦ ስቦ ጣለ፤ እኛ ስበን ስበን ልናወጣ!»

ከእጅ እጅ ተላለፈ። እኔ ዘንድ ደረሰ።
ሮዝ ነው። ጎኑ ላይ ጥቁር ፕላስተር፣ የሐይቅ ጭቃ የለበሰ።
አጠቃለሉን ዐውቀዋለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መጨረሻው በጥርስ የተቆረጠ፤
በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚጠቀልል አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ።

«ይከልከል የምትሉ እጅ አውጡ።»
አወጣሁ።
ማንጎ ሸተተኝ ከጣቴ። ቶሎ አወረድሁ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ፣ ሒሳብ ስቆጥር፣ ተንኳኳ ቆርቆሮው።
አንሙት ነው፤ ዐውቀዋለሁ፣ ከድምፁ ቀድሞ ይመጣል ጉሮሮው።
«ጋሼ፣ አሉ?»
መብራቱን አጠፋሁ። ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ፣ ልጁ ከውጭ ሳለ፤
ከመደርደሪያው አንዱ ዕቃ፣ በጨለማው፣ ብልጭ አለ።