ናሙና ቀጂው

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ቤርሳቤህ ሳትነቃ፣
የብረት ክዳኑን በሜንጦ ፈልቅቄ፣ ጀርባዬ እስኪንቃቃ፣
ጠርሙሴን በገመድ ወደ ጨለማው እሰድዳለሁ።
ሳልማን ከመኪናው ወርዶ ባትሪውን ይዞልኝ
«አብርሃም የማለው በዚህኛው ነው» ይላል፣ ሊቀልድብኝ።
እስቃለሁ። ሽታው ግን ሳቅ ያሳጥራል።

መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሰኝ ነበር፤ አሁን ያወራኛል፦
ዓርብ ከሰዓት ሞልቶ ሳሙና ሳሙና ይላል፣
ሰው ሁሉ ለሰንበት ገላውን ይታጠባል፤
ቅዳሜ ጠዋት ዝም፤
በማስተስረያ ጾም ማግስት፣ ከተማው አፉን ዘግቶ ሲያድር፣
የቱቦው ወለል ይታያል፣ እንደ በጋ ወንዝ ድንጋይ።

ታድጋለች። አምና አሸዋ የነበረው
ዘንድሮ አሥራ አራት ፎቅ ነው፤
ክሬኑ ሳይነሳ ልብስ ተሰጥቷል በረንዳው።
መሐንዲሱ ወደ ላይ ይቆጥራል፣
እኔ ወደ ታች፦ ስንት ሆድ ተጨመረ? በየትኛው ቱቦ ይወርዳል?

እናቴ በር ላይ ባልዲ ታስቀምጥልኛለች።
«ሳትታጠብ አትንካኝ» ትለኛለች።
በአገራችን ጎረቤቱ «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይለን ነበር፣
ከወንዝ ስለማንርቅ።
የእነዚያ ልጅ ይኸው፤
ዛሬ ምን እንደምሸት አፍንጫዋ ያውቀዋል።

ውሃን ግን አንድ ጊዜ አመንነው።
ሱዳን፣ ከድንኳኑ በታች፣ ቦዩ ላይ፣
ሰው የሚቀዳበትና ሰው ሜዳ የሚወጣበት አንድ ሆኖ ሳለ።
ትርንጎ አራት ዓመቷ ነበር።
በሦስት ቀን አለቀች፣ እንደ ጨርቅ ተጨምቃ።
አባቴ ቆፋሪ ነበር፤
ለሚቀብረው ሁሉ አንድ ጠጠር ኪሱ ይከት ነበር፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋ።
ሐምሌ ላይ ኪሱ ተቀደደ።
ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንም አያውቅ።

በቋንቋችን ጉድጓድ አንድ ቃል ነው፦
የሚጠጡትም፣ የሚገቡበትም፣
እኔ በየሌሊቱ የማጎነብስበትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣
ዚናይዳ ከቤተ ሙከራ ደወለች።
ድምፀ ደረቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራች።
«ጉድጓድ ሰባት፣ የማክሰኞው። ደግመህ ቅዳ።»
ደግሜ ቀዳሁ። ያው ነበረ፦
እግር የሚያሰልለው፣ በልጅ አንጀት ተደብቆ የሚሄደው፣
አንዲት እናት ሳትጠረጥር፣ አንድ ልጅ ሳያተኩሰው፣
ስንቱን ቱቦ አልፎ እኔ ጠርሙስ የገባው።

በሳምንቱ ክሊኒኩ በር ላይ ሰልፍ።
ነርሷ ሽቱ ትባላለች (ስሟ ነው፤ አልቀለድኩም)፤
«አፍህን ክፈት ጀግናዬ»፣ ሁለት ጠብታ ምላሱ ላይ፣
ቀጥሎ፤ ሁለት ጠብታ፤ ቀጥሎ።
የሳልማን የልጅ ልጅ ተፋባት። ደግማ ሰጠችው።

ከዚያ ምንም አልሆነም።
ታሪኩ ይኸው ነው፣ ምንም አልሆነም።
ልጆቹ በሰኔ ኳስ እያባረሩ መስኮት ሰበሩ፣
ጎረቤት ጮኸ፣ እናቶች ተሳደቡ፣
እኔም ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እግራቸውን ስቆጥር
አንዱ አባት በክፉ ዓይን አየኝ።

አባቴን ጠየቅሁት፦ «ላልሞተ ልጅ ጠጠር ይቀመጣል?»
ብዙ ቆየ። ሻሩን የለቀቀ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።
«ኪስ አይችለውም» አለ።

ሊነጋ ነው። ሳልማን ሞተሩን ያሞቃል።
አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት በራ፣
አንድ ሰው ውሃ ለቀቀ፤
ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከእግሬ ሥር ሲደርስ ሰማሁት።
ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ አስቀመጥኩ፣
ክዳኑን መለስኩ፣
በረጠበ ጓንት ጻፍኩበት፦ ቀን፣ ሰዓት፣
ጉድጓድ ሰባት።