ከጣት የወጣ

ጦይባ ከባቲ ስትመጣ፣ የያዘችው አንድ ፌስታል፤
"አበሩ፣ እዚህ መሆኔን ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል?"
አለችኝ።
"ማንም" አልኩ። አልዋሸሁም ያን ዕለት።
ሆጤ፣ በጓሮ በኩል፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፣
ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ አልጋ፤
ጦሳ ጉሙን ለብሶ ያድራል፣ እኛም ሳንተኛ ይነጋ።

ሲምካርዷን ቦርከና ላይ፣ ከድልድዩ ወርውራ፣
ለደንበኛ ሁሉ ደግሞ ስሟ ሆኖ "ዘሀራ"፣
አራት ወር ሙሉ ሰፋች፤ ጥልፍ፣ ዘርፍ፣ የሙሽራ ልብስ፣
ድምጿ ከመኪናዋ ድምፅ እስኪያንስ።

ቅዳሜ ነው፤ ዝናብ አባርቶ፣ ፀሐይ ብልጭ ያለች ጊዜ፣
ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ከክሩም ጋር ትካዜ፤
ሳቀች።
ደስ አለኝ።
ደስታ ደግሞ ስልክ ያነሳል፤ ደስታ ምስክር ይሻል፤
ጣቴ ልቤን አልጠየቀም፤ ጣት ከልብ ቀድሞ ይደርሳል።
"እህት ማለት እንዲህ ናት" አልኩ፤ ሦስት ልብ ደረደርኩ፤
ማታ ስንት ሰው እንደወደደው አልጋ ውስጥ ሆኜ ቆጠርኩ።
መቶ አርባ ሦስት።
ጦይባ ከጎኔ ተኝታለች።

ስሟን አልጻፍኩም። ይህን ነው ለራሴ የምደግመው፤
ስም ምን ያደርጋል? መስኮቱ ነው የተናገረው።
የባጃጆቹ ተራ፣ የፋርማሲው ታፔላ፣
የሚናራው ግማሽ ጎን፣ የመብራት ምሰሶው ጥላ፣
"ሆጤ" የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ፣ ፊደሉ ጎላ፣ ጎላ፤
እኔ ፊቷን ብቻ አየሁ። እሱ ያየው ከኋላ።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ጉሙ ደጅ ላይ ተኝቶ፣
አንድ ድምፅ በሩን መታው፣ በእውነተኛ ስሟ ተጣርቶ።
ጋሽ እንድሪስ በዱላ፣ ሙሄ በባጃጁ ደርሰው፣
ሰፈር ተነሥቶ መለሰው።
የተገኘ ቤት ግን ተመልሶ አይሸሸግም።
ፌስታሏን አነሳች። አላለቀሰችም። አልሰደበችኝም።
"ከማን ሰማ?" አለች ብቻ።
ስልኬን ሰጠኋት።
ራሷን ረጅም ጊዜ አየች።
"ሳቄ ያምር ነበር" አለች።

አጠፋሁት። አጠፋሁት ማለት ከእኔ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤
ስንት እጅ እንደደረሰ፣ ማን እንዳስቀረው የሚያውቅ ማነው?
"ከአፍ የወጣ አፋፍ" ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁ፤
አዝዋ ገደል ጫፍ ላይ ቆሜ ድንጋይ እየጣልሁ፣
እስኪያርፍ ድረስ ቁጥር እቆጥር ነበር ልጅ ሳለሁ።
ይኸ ከጣቴ የወጣው፣ ዓመት ሙሉ እየወደቀ፣
ድምፁን አልሰማሁትም፣ መሬት ነክቶ እንዳለቀ።

"ዘመኑ ነው" ይሉኛል፤ "ስልኩ ነው፤ ኔትዎርኩ ነው፤
አንቺ ምን አጠፋሽ?"
ይሁን። የስልኩን ድርሻ ስልኩ ይክፈለው፤
የሰውዬው ኃጢአት የሰውዬው ነው፤
የእኔን ግን ማን ይውሰደው?
አንዲት ጣት ናት። የእኔ ናት። የስፌት ጠባሳ ያለባት።
ያን ቅዳሜ ማንም አልያዛት፣ ማንም አልገፋት።

አሁን ደንበኛ "አንሺኝ" ካለች፣ መጋረጃውን እስባለሁ፤
ከፊቷ በፊት ኋላዋን፣ ፊደል በፊደል አነባለሁ፤
"ልለጥፈው?" እላታለሁ።
ዝም ካለች፣ እተዋለሁ።

አንዳንድ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ይደወላል።
"አበሩ" ይላል ድምፅ። ከኋላው መኪና ይሰፋል።
የት እንዳለች አልጠይቃትም።
ስለ ደሴ ዝናብ አወራላታለሁ፤
"እዚያስ ይዘንባል?" አልላትም።