ቅራፊው

ሆጤን ወደ ላይ ስንወጣ፣ እኩሌታው ላይ ስንደርስ፣
ጋሽ ይመር ይቆም ነበር፣ ትንፋሹ እስኪመለስ።
ሰበብ አያጣም። ቀና ብሎ የሰው አሸንዳ ያያል፣
«ይቺን የገጠማት ማነው? ክረምት ጉድ ታፈላለች» ይላል።
እኔም የመፍቻውን ከረጢት ትከሻ አቀያይሬ፣
ጦሳ ጉም ሲለብስ አያለሁ፣ ያላየሁ መስዬ ዞሬ።

አራዳ፣ አንድ አሮጌ ግቢ፣ መሬቱን ቆፍረን፣
ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቱቦ በመጋዝ ቆርጠን፣
ወደ ፀሐይ አነሣው፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፤
አውራ ጣት ያሳልፍ የነበረው፣ ለእርሳስ ጠባብ ሆኖ።
«ከውጭ ደኅና ነው» አለ፣ «ቀለሙም አልለቀቀ፤
ከውስጥ ነው፣ ስስ በስስ፣ ሳይሰማ የዘለቀ።
ግን ልጄ፣ ወፈረ ብሎ አይዘጋም፤ ሰው በቀጭኑም ይኖራል፣
ባልዲውን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ጀሪካኑን ይደረድራል።
የሚፈራው፣ ፈረቃ ደርሶ ውሃው በሌሊት ሲገፋ፣
አንዲት ቅራፊ ተላቃ ጠባቡ ላይ ስትደፋ።
ያኔ
ጠብ አይልም።»

ይህን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ኮምቦልቻ ሥራ ሲገኝ፣
ቀዩን ሥጋ ወደ እኔ ገፍቶ፣ ጮማውን ለራሱ የሚመኝ፤
«ያለ ስብ ጉልበት የለም» እያለ፣ አፉን ጠርጎ በመዳፉ፣
ሌላ ሲጋራ የሚለኩስ፣ ባላለቀው ጫፉ።

ሆስፒታል የወሰድኩት ዕለት፣ ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣
ወረቀት ላይ ቱቦ ሣለች፣ በውስጡ ስብ ቀባችበት፤
«የልብህ ደም ሥር...» ብላ ልታስረዳው ጀመረች።
ሣቀ። «ይህንንስ ሠላሳ ዓመት ቆርጫለሁ።
ይልቅ ንገሪኝ፣
ቅራፊው ለቋል?»
እስክሪብቶዋ ቆመች።

«ገና ነው» አለች ቆይታ፤ «ክኒኑም እንዳይለቅ ነው።»
«ለምን አውጥተሽ አትቀይሪውም?»
«ይሄ እንደዚያኛው አይደል፤
ውሃው ሳይቆም ነው የሚጠገነው።»

ዛሬ ሆጤ ላይ ቆመ። አሸንዳ አላየም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
«ደረቴን ያዘኝ» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አመለጠ።
ክኒኗን ከምላሱ ሥር ከተተ።
ከረጢቱን አወረድኩ።
ከአጥሩ ወዲያ የሰው ቧንቧ ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ተንተፋተፈ፣
ፈረቃው ደርሶ ኖሯል፤
ዝገት ያቀላው ውሃ ባልዲ ውስጥ ተንጠፈጠፈ።
ጆሯችንን ሰጠን፣ ሁለታችንም፣ ትንፋሽ ይዘን።
ቀጭን ነው።
ግን ይወርዳል።