ሰሙን ፍለጋ

ጎተንበርግ ላይ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ በአግድም ይመጣል፣
ሽቅብ የሚወጣው ትራም መስኮቱን ያንቀጠቅጣል።
ጉንቮር እርሳሷን አንሥታ ከደብተሯ ዳር ትጽፋለች፦
«አራት ሰዓት ከሩብ፤ ትራም።»
ለመስመሩ ትንሽ ጭረት ጥፋተኛውን ትመዘግባለች።

ጥፍር የምታህል ኳርትዝ፣ ፊቷን ወርቅ ተቀብታ፣
በሰከንድ አምስት ሚሊዮን ጊዜ ትርገበገባለች ሳትለቅ ቦታ።
ጆሮ አይሰማት፣ ዓይን አያያት፤
ብናኝ እንኳ ካረፈችባት
ትዘገያለች።
ያረፈባት ጠጣር ይሁን ለስላሳ
በምን ይታወቃል ቢሉ፣
ኤሌክትሪኩን ይነጥቋትና ያያሉ
ዝም እስክትል የፈጀባትን፤
ለስላሳ የተሸከመች ቶሎ ትደክማለችና።

ባለቅኔ ሰሙን ገፎ ወርቁን ነው የሚያወጣ፤
እዚህ ግን ወርቁ ወለል ነው፣ ሰሙ ነው እንግዳ ሆኖ የመጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጉንቮር ሰሙን ስትጠብቅ ኖራለች፤
ደም፣ ምራቅ፣ የወተት አረፋ፣ ያላሳረፈችበት የለም።
ዐርብ ጡረታ ትወጣለች።

ዛሬ የእንቁላል ስብ ነው፤
ጥቃቅን ከረጢት ሆኖ፣ ውሃ በሆዱ ቋጥሮ፣
ፓምፑ ቀስ እያለ ነዳው በቀጭን ቱቦ አሻግሮ።
መስመሩ ወረደ። ሃያ። አርባ። ሃምሳ ሊሞላ ሲል
ቆመ።
ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

ኢልማሪ፣ ከኦሉ የመጣው ተማሪ፣ ከወንበሩ ዘሎ
«ታጠበ! ሄደብን!» አለ፣ ማቆሚያውን ሊጫን ብሎ።
እጁን ያዘችው። «ቆይ።»
መስመሩ ሃያ ስድስት ላይ ተኛ፣
ነፋስ እንዳልነካው ሐይቅ።
«አልሄዱም። ተጨናንቀው፣ ተደጋግፈው ፈነዱ፤
ውሃቸውን አፍስሰው ጎን ለጎን ተነጠፉ።
የሕዋስ ቆዳ ይኸው ነው፣ ሁለት ሞለኪውል ውፍረቱ።»

«እንዴት አወቅሽ? ክብደቱ እኮ ቀነሰ።»

«የሚያለቅስ ሰው አጠገብ ተቀምጠህ አታውቅም?» አለችው፣
መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ እየወለወለች፤
«ሲወጣለት ይቀላል።
ታዲያ ከወንበሩ ይነሣል እንዴ?
ይበልጥ ይቀመጣል።»

ልጁ መልስ አጣ። ወርቁ ላይ፣ ከጨለማው ክፍል ውስጥ፣
የተነጠፈው ስብ ከኳርትዟ ጋር ይርገበገባል።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
መስመሩ ላይ ትንሽ ጭረት።
እርሳሱን ለእሱ ሰጠችው፣
ደብተሩንም ገፋ አደረገችለት።
ሰዓቱን አየና ጻፈ፦
«አምስት ሰዓት ከአምስት፤ ትራም።»
የእጅ ጽሑፉ ከእሷም የባሰ ነው።