ከዜሮ በታች

ኤድመንተን፣ ታኅሣሥ ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
በረዶ ስጠርግ አድሬ ገባሁ፣ ሊነጋ ሲል ወደ ቤት።
ጫማዬን ሳልፈታ ተቀመጥሁ፣ ከበሩ ሥር፣ ከምንጣፉ ዳር፤
ስልኬ ኪሴ ውስጥ አዛን አለ፣ ዝም አሰኘሁት፣ ሳላፍር።

ዘቢባ ተኝታለች። ልጄ ተኝታለች። ቧንቧው እንኳን የተኛ ይመስላል፤
ውሃው እስኪሞቅ ድረስ፣ ደቂቃ ሙሉ ያቃስታል።
ሰውነቴ «ተኛ» ይላል። ልቤ ግን ምንም አይልም፤
እሱ ነው የሚያስፈራኝ፦ «አልሰግድም» ብሎ እንኳን አይከራከርም።

ስንት ወር ሆነኝ እንዲህ ከሆንሁ? ከረመዳን ወዲህ መሰለኝ፤
ተራዊሕ ላይ ያለቀሰው ሰውዬ ማን እንደነበር ጠፋኝ።
አሁን «አላሁ አክበር» ስል እጄ ይነሳል፣ ሐሳቤ ይቀራል፤
ወይ የቤት ኪራይ ይቆጥራል፣ ወይ ከአለቃዬ ጋር ይጨቃጨቃል።
መግሪብን ከመኪናዬ ጎን፣ ኢሻን ከጋራዡ ጓዳ፣
ካርቶን አንጥፌ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደሚከፍል ሰው የሰው ዕዳ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፀሐይዋ አልጠልቅ ትላለች፣
ኢሻ እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ ሱብሒ ተረከዙን ትረግጣለች።
በበጋ እንቅልፍ ይጎድላል፣ በክረምት ፀሐይ ይጎድላል፤
ሰበብ ለሚፈልግ ሰው፣ ይህ አገር ሞልቶ ይተርፋል።

አንድ ቀን ኦረስት፣ መካኒኩ፣ እግሬን ከመታጠቢያው ገንዳ አግኝቶት፣
«ምነው፣ ቀዘቀዘህ?» አለኝ፣ ጣቶቼ የደነዘዙ መስሎት።
«ለጸሎት ነው» ስለው፣ ፎጣ አቀበለኝ ዝም ብሎ፤
እስከ ዛሬ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ስሜን ጽፎበት፣ አንድ ፊደል አጉድሎ።

እሱው ነው፣ በመጀመሪያው በረዶዬ፣ መኪናዬ አልነሳም ብላ፣
ቆሜ ስረግማት ሰምቶኝ የመጣ፣ ሲጋራውን ጥሎ፣ ከኋላ።
ከሞተሯ ሥር የተሸጎጠ አጭር ገመድ መዝዞ አሳየኝ፦
«ማታ ማታ ከግድግዳው ሰካት። ብትወድም፣ ባትወድም» አለኝ።

ገመዱ የትም አይወስድም። ጎማ አያዞርም። መብራት አያበራም።
ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል፣ ምን እንደሠራ አይታይም።
ዘይቱ እንዳይረጋ ብቻ፣ ትንሽ ሙቀት፣ ለብ ያለች፤
ጠዋት ግን ቁልፉን ስታዞር፣ አጉረምርማም ቢሆን ትነሳለች።

ይህን አሰብሁ ከበሩ ሥር፣ ያንዱን እግሬን ጫማ ፈትቼ።
ልቤ ሞቀ ብዬ አልዋሽም። ተነሳሁ ብቻ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ አዛግቼ።
ውሃው ሳይሞቅ ውዱእ አደረግሁ፤ ፊቴ ላይ እንደ ጥፊ አረፈ።
አንድ ሰበብ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱም ከውሃው ጋር አለፈ።
መስገጃዬ ወደ ሰሜን ያያል፤ ከዚህ አገር ቂብላው በዚያ፣
የመካ መንገድ የሚያቋርጠው በራሱ በብርዱ ማደሪያ።

ሁለት ረከዓ ብቻ ናት፣ እሷም መካከሏ ጠፋኝ፤
አንድ ነው ሁለት የሰገድሁት? ሐሳቤ ከበረዶው ጋር ወደ ዳር ጠርጎኝ።
በጥቂቱ ያዝሁ፣ አንድ ጨመርሁ፣ እንደተማርሁት በልጅነት፣
ከሰላምታ በፊት ሁለት ጊዜ ተደፋሁ፣ ሱጁድ፣ ስለ መርሳት።
ግንባሬ መሬት እንደነካ ቆየሁ፣ አንድ ነገር ገርሞኝ፤
እንደምዘነጋ አውቆ ኖሯል፣ ለመርሳቴም ስፍራ ያዘጋጀልኝ።

አላለቀስሁም። አሰላምቼ ዞር ስል ወደ ቀኝ፣
ሩመይሳ በፒጃማዋ ቆማለች፤ «አባ፣ በረዶው አለቀ?» አለችኝ።
«አላለቀም» አልሁ። «ታዲያ ለምን ጠረግኸው?» ዓይኗን እያሸች።
«ሰው እንዲያልፍ» አልኋት። መልሴን ሳትሰማ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ለዙህር ሰዓቴን ሞላሁ። ያን ጊዜም እንደማይመቸኝ አውቃለሁ።
ጋደም ስል ትዝ አለኝ፤ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ፣
ካፖርቴን ደርቤ ወደዚያ ብርድ ወጣሁ፣
ገመዱን ሰካሁ።